ለ4 ኦም ስፒከር ትንሽዬ ክላስ ዲ አምፕ ስትገዙ፦ መጀመሪያ አዳፕተሩን ገልብጣችሁ አንብቡ

እህቴ ከጅዳ ስትመለስ ሁለት ስፒከር ይዛልኝ መጣች። እንጨት ናቸው፣ አንዱ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ቢያክል ነው፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡት አይነት። ውስጣቸው አምፕ (ድምጹን አጉልቶ ስፒከሩን የሚነዳው) የለም፣ መብራት ላይ የሚሰካ ገመድም የላቸውም፣ ከጀርባቸው ቀይና ጥቁር ማሰሪያ፣ ከሱ በላይ ደግሞ «4 ኦም» የሚል ጽሁፍ ብቻ። እኔ ያኔ ኦም ምናምኑን ሳላይ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ወጣ ብዬ «200 ዋት» የተጻፈባት መዳፍ ላይ የምትቀመጥ አምፕ ገዝቼ ገባሁ። ማታ ቡና ተፈልቶ ሁሉም በተቀመጠበት መንዙማ ከፈትኩ፣ ድምጹ ሲጀምር ልብ ያርስ ነበር፣ ከዛ ድቤው ሲመታ ጧ ብሎ ጠፋ። የአምፗ ሰማያዊ መብራት ድርግም አለችና ተመልሳ በራች፣ ድቤው ሲመጣ ደግሞ ድርግም። እናቴ «ተወው በቃ ልጄ፣ በስልክህ አሰማን» አለችኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አዳፕተሩን ገልብጬ ሳነበው «12 ቮልት 3 አምፔር» ይላል። 12 በ3 ሲባዛ 36 ዋት ነው። 36 ዋት የሚሰጥ አዳፕተር 200 ዋት ከየት ያመጣል? ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ቺፑ ሌላ አዳፕተር ቢሰጠው ሊያወጣ ይችል ይሆናል ተብሎ የተለጠፈ ነው እንጂ እኔ በካርቶን ከተቀበልኩት እቃ ጋር ግንኙነት የለውም። ከዛ በኋላ ለራሴም፣ ኮምቦልቻ ላለው አማቼም፣ ለጎረቤትም አምፕ ስመርጥ የተማርኩትን ነው እዚህ በደረጃ በደረጃ ምጽፍላችሁ። ረዘም ይላል ግን አብሽሩ፣ ሂሳቡ የ5ኛ ክፍል ማባዛትና ማካፈል ነው።

ክላስ ዲ ምንድነው ለምትሉ ባጭሩ፦ የድሮዎቹ ትልልቅ አምፖች ትራንዚስተራቸው ግማሽ ክፍት ሆኖ ስለሚሰራ ብዙ ጉልበት በሙቀት ያልቃል፣ ለዛ ነው እንደዛ ከባድ የሆኑት። ክላስ ዲ ግን ትራንዚስተሩን በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያበራዋል ያጠፋዋል፣ መሀል ላይ ስለማይቆም ከሚወስደው መብራት 90 ፐርሰንት አካባቢ ወደ ስፒከሩ ያደርሳል። መዳፍ የምታክል ሳጥን በቂ የሆነችው ለዚህ ነው።

1ኛ፦ ስፒከራችሁን እወቁት

ጀርባውን እዩ። 8 ኦም፣ 6 ኦም ወይ 4 ኦም ይላል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ስፒከሩ ከአምፑ ብዙ ከረንት ይስባል፣ በአንድ አይነት ቮልት 4 ኦም የ8 ኦሙን እጥፍ ነው የሚስበው። ጽሁፉ ከተፋቀ ወይ ካላመናችሁት ቴስተር አውጡ (ከሌላችሁ ሬድዮ ጠጋኝ ጋ ሂዱ በደቂቃ ይለካላችኋል)፣ ስፒከሩን ከማንኛውም አምፕ ንቀሉት፣ ቴስተሩን ኦም ላይ በትንሹ ሬንጅ አድርጉ፣ መጀመሪያ የቴስተሩን ሁለት ሽቦ እርስ በርስ አነካክታችሁ ስንት እንደሚል ያዙ፣ 0.3 ካለ ኋላ ትቀንሱታላችሁ። ከዛ ቀዩንና ጥቁሩን ማሰሪያ ንኩ። ከ3 እስከ 3.8 ገደማ ካነበበ ስፒከሩ ባለ 4 ኦም ነው፣ ከ5.5 እስከ 7 ካነበበ ባለ 8 ነው። ቴስተር በባትሪ ስለሚለካ ሁልጊዜ ከተጻፈው ዝቅ ይላል፣ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የኔዎቹ 3.4 ነበር ያነበቡት፣ ሁለቱም እኩል፣ እኩል መሆናቸውም ጥሩ ምልክት ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኦም አንድ ቋሚ ቁጥር አይደለም፣ ሙዚቃው ከወፍራም ወደ ቀጭን ድምጽ ሲሄድ እሱም ይወጣል ይወርዳል። አይኢሲ 60268-5 የሚባለው አለም አቀፍ መስፈርት ዝቅተኛው ቦታ ከተጻፈው 80 ፐርሰንት በታች እንዳይወርድ ይላል፣ ለ4 ኦም 3.2 ማለት ነው። ሁሉም ግን አይጠብቀውም። ኬኢኤፍ ኪው150 የሚባለው ስፒከር ለምሳሌ 8 ኦም ተብሎ ነው የሚሸጠው ግን ኩባንያው ራሱ ዝቅተኛው 3.7 እንደሆነ ይጽፋል። ኢላክ ዩኒ-ፋይ ዩቢ5 ደግሞ 4 ኦም ነው፣ ዝቅተኛው 3.4። ስለዚህ «8 ኦም ነው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ወረቀቱ ላይ «ሚኒመም» የሚል ካለ እሱን ያዙ፣ 4 ኦምና ከዛ በታች ከሆነ እንደ ባለ 4 ቁጠሩት።

እግረ መንገዴን፣ ሁለት ጥንድ ስፒከር ባንድ አምፕ ላይ ደርበው የሚያስሩ አሉ። 4ና 4 ጎን ለጎን ሲታሰር 2 ይሆናል፣ ይሄን ትንሽ አምፕ አይችለውም፣ ወይ ይጠፋል ወይ ይቃጠላል። አታድርጉት።

2ኛ፦ በእውነት ስንት ዋት ነው የሚያስፈልጋችሁ

ስፒከሩ ወረቀት ላይ «86 ዲቢ» አይነት ቁጥር አለ (ዲቢ የድምጽ ከፍታ መለኪያ ነው)፣ ሴንሲቲቪቲ ይሉታል፣ ስፒከሩ በትንሽ ጉልበት ምን ያህል ድምጽ እንደሚያወጣ ነው የሚናገረው። እዚህ ጋ 4 ኦም ያላችሁ ሰዎች ተጠንቀቁ፣ ከጎኑ «2.83 ቮልት/1 ሜትር» ካለ ያ ቮልት በ8 ኦም 1 ዋት ነው፣ በ4 ኦም ግን 2 ዋት ነው። ስለዚህ 86 የተባለው ለ4 ኦሙ ስፒከር በ1 ዋት ሲታሰብ 83 ነው የሚሆነው። 3 ዲቢ ለማግኘት ዋቱን እጥፍ ማድረግ ስላለባችሁ ትንሽ የምትመስለው ልዩነት ትንሽ አይደለችም።

አሁን ተራ ሳሎን ውስጥ ከስፒከሮቹ 2 ሜትር ተኩል ርቃችሁ ተቀመጡ እንበል፣ ሁለቱም እየሰሩ የግድግዳውም ድምጽ ሲጨመር በ1 ዋት ወደ 80 ዲቢ ይደርሳችኋል። ሰው ሲያወራ 60 አካባቢ ስለሆነ 80 እኮ ጮክ ያለ ነው። ታዲያ ለምን ከ1 ዋት በላይ አስፈለገ? ድቤው ሲመታ፣ ከበሮው ሲነሳ ድምጹ ከአማካዩ 15 ዲቢ ሊዘል ስለሚችል ነው፣ 15 ዲቢ ደግሞ 32 እጥፍ ዋት ነው። የኔ አምፕ የጠፋው እዛች ዝላይ ላይ ነው። ባጭሩ ለቤት፣ ለ4 ኦም ስፒከር፣ በአንድ ቻናል (ለአንድ ስፒከር ማለት ነው) ከ40 እስከ 70 እውነተኛ ዋት ካገኛችሁ ይበቃል። ለሰርግ ድንኳን ከሆነ ይሄ ሁሉ ጽሁፍ አይመለከታችሁም፣ እነዚህ ስፒከሮችም ለዛ አልተሰሩም።

«እውነተኛ» ያልኩት አንድ ነገር አለው። ፒኤምፒኦ የሚል ቁጥር ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት፣ ምንም አይነግራችሁም። አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚሰጠው ዋት) ካለ ይሻላል፣ ግን በስንት ኦም እና በስንት ቲኤችዲ (የድምጽ መዛባት) እንደሆነ እዩ። 10 ፐርሰንት ቲኤችዲ ማለት ድምጹ ተቀዳዶ የተለካ ማለት ነው፣ ከ1 ፐርሰንቱ ጋር ሲነጻጸር ዋቱን ወደ 20 ፐርሰንት አብጦ ያሳያል።

3ኛ፦ አዳፕተሩ። ዋናው ነገር እዚህ ነው

ሁለት ሂሳብ ስሩ፣ ከሁለቱ ትንሹን ያዙ።

የመጀመሪያው የቮልቱ ነው። አዳፕተሩ ላይ «አውትፑት» የሚለውን ቮልት በራሱ አባዙት፣ ለኦሙ እጥፍ አካፍሉት፣ ከሚመጣው ላይ 20 ፐርሰንት ቀንሱ። 24 ቮልት በ4 ኦም፦ 24 በ24 576፣ ለ8 ሲካፈል 72፣ ሲቀነስ 57 ዋት ገደማ በአንድ ቻናል።

ሁለተኛው የጉልበቱ ነው። ቮልቱን በአምፔሩ አባዙ፣ 10 ፐርሰንት ለሙቀት ቀንሱ፣ ለሁለት ስፒከር አካፍሉ። 24 ቮልት 4.5 አምፔር 108 ዋት፣ ሲቀነስ 97፣ ለሁለት 48 ዋት። ትንሹ 48 ስለሆነ ያ አምፕ ሳጥኑ 100 ይበል 200 ይበል ሁለቱ ቻናል ባንዴ ሲሰሩ 48 ዋት ነው። የኔዋ ባለ 12 ቮልት 3 አምፔር ስትሰላ፦ በቮልቱ 14 ዋት፣ በጉልበቱ 16፣ ማለትም 14 ዋት። 200 የተባለችው 14 ሆነች ማለት ነው፣ እሱም አዳፕተሩ የተጻፈበትን አምፔር በትክክል ከሰጠ።

በዚሁ መንገድ 32 ቮልት 5 አምፔር በ4 ኦም 72 ዋት ይደርሳል (ለአጭር ዝላይ ደግሞ 100 አካባቢ)፣ 48 ቮልት 5 አምፔር 108። ሙዚቃ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ስለማይቆይ አምፑ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ጉልበት አጠራቅመው የሚለቁት) አጫጭሩን ዝላይ ይረዱታል፣ ስለዚህ ሂሳቡ ትንሽ ጨከን ያለ ነው፣ እኔ ግን ጨከን ብሎ መግዛት ነው የምመርጠው።

አሁን ቺፑ። እነዚህ አምፖች ውስጣቸው ያለችው አንዲት ቺፕ ነች ሁሉን የምትወስነው፣ ዙሪያዋ ያለው ሳጥን ነው። በብዛት የምታገኙት ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ።

ቲፒኤ3116 ከ4.5 እስከ 26 ቮልት ትሰራለች፣ በ21 ቮልት 4 ኦም ላይ 50 ዋት በቻናል ተብላ ነው የተሰራችው (ያው በ10 ፐርሰንት ቲኤችዲ)። ፎሲ ቢቲ20ኤ የምትባለው አምፕ ውስጥ ያለችው እሷ ናት። ከዋጋዋ አንጻር ጎበዝ ናት፣ ግን ስፒከራችሁ 3.2 ምናምን ድረስ የሚወርድ ከሆነና 24 ቮልት ሰጥታችሁ ድምጹን ከከፈታችሁት ከረንቱ ወደ መከላከያዋ ጠርዝ ስለሚጠጋ ትጠፋለች ወይ ትግላለች። ለዝቅተኛ ኦም 19 ወይ 21 ቮልት ብትሰጧት የበለጠ ትረጋጋለች፣ የምታጡት ድምጽ 2 ዲቢ አካባቢ ብቻ ነው።

ቲፒኤ3255 ትልቋ ናት፣ ከ18 እስከ 53.5 ቮልት፣ በ4 ኦም እስከ 260 ዋት በ1 ፐርሰንት። ፎሲ ቪ3 እና አይማ ኤ07 የሚባሉት አምፖች በሷ ነው የተሰሩት። ሁላችንም 260 ዋት አንፈልግም፣ የምወዳት ለከረንቷ ነው፣ 4 ኦም ላይ በ32 ቮልት ስትሰራ ገና ግማሽ ጉልበቷን አልተጠቀመችም፣ ለዛ ድቤ ሲመታ አትደነግጥም። ባለ 4 ኦም ስፒከር ካላችሁና መብራታችሁ የግድግዳ መብራት ከሆነ ይቺን ከ32 ቮልት 5 አምፔር ጋር ግዙ ነው የምለው፣ እኔ ጋ አሁን ያለችው ይቺው ናት። ሻጩ «ያለ አዳፕተር ቅናሽ ነው» ካላችሁ ቅናሹን አትቀበሉ፣ አዳፕተሩ ነው እኮ አምፑ።

ኤምኤ12070 የምትባል የኢንፊኒየን ቺፕም አለች፣ እስከ 26 ቮልት፣ ኤስኤምኤስኤል ኤስኤ300 ውስጥ ታገኟታላችሁ። ዝቅ አድርጎ ለሚሰማ ሰው መብራት የምትበላው በጣም ጥቂት ነው።

4ኛ፦ የቀጭን ድምጽ ጉዳይ

ይሄን ብዙ ሻጭ አያውቀውም። ክላስ ዲ ያንን በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ ነገር ከሙዚቃው ለመለየት መውጫው ላይ ጥቅልል ሽቦና ካፓሲተር አለው። እነዚህ ሲሰሩ ለአንድ የተወሰነ የኦም ቁጥር ታስበው ነው የሚሰሩት፣ 6 ወይ 8 ተብለው ከታሰቡ እና እናንተ 4 ኦም ስታስሩ በጣም ቀጭኑ ድምጽ፣ 20 ሺህ ኸርዝ አካባቢ፣ ከ1 እስከ 3 ዲቢ ይወርዳል። ከታሰበው በላይ ኦም ስታስሩ ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ይላል። እኔ ያወቅኩት በጸናጽል ነው። ወረብ ከፍቼ ስሰማ ከበሮው ልክ ነው፣ ድምጹ ልክ ነው፣ ጸናጽሉ ግን ጨርቅ የተሸፈነ ይመስላል፣ ያ ሽርርር የሚለው ጫፉ የለም። ስፒከሩ መስሎኝ ነበር፣ ስፒከሩን ሌላ አምፕ ላይ ሳስረው ጸናጽሉ ተመለሰ።

መፍትሄው ፒኤፍኤፍቢ የሚባል አሰራር ነው፣ አምፑ ከጥቅልሉ በኋላ ያለውን ድምጽ እየሰማ ራሱን ያስተካክላል፣ ስለዚህ 4 ይሁን 8 ብዙም አይለይም። ለምሳሌ ፎሲ ቪ3 ሞኖ ላይ አለ። ቪ3 ሞኖ ስሙ እንደሚለው ለአንድ ስፒከር ብቻ ስለሆነ ሁለት መግዛት አለባችሁ። በእድሜ ገፋ ያለ ሰው ያን ያህል ቀጭን ድምጽ ስለማይሰማ ለአባታችሁ የምትገዙ ከሆነ ለዚህ ብላችሁ ተጨማሪ ብር አታውጡ።

5ኛ፦ መብራታችን

አዳፕተሩ ላይ «ኢንፑት 100-240 ቮልት» መኖሩን እዩ፣ ከውጭ በሰው እጅ የመጣ ከሆነ 120 ብቻ የሚል ሊያጋጥም ይችላል፣ የኛ 220 ላይ ሲሰካ ያልቅለታል። ከ100 እስከ 240 የሚለው የመብራት መውረድን በደንብ ይችላል፣ ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም እንኳን አይቸገርም። የሚጎዳው መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለው ነው፣ ስለዚህ ሲሄድ ከዲቫይደሩ ንቀሉት፣ መጥቶ ሲረጋጋ መልሱት።

ወደ አምባሰልም ሆነ ተሁለደሬ ገጠሩ ላይ በሶላር ለምትኖሩ ምርጫው ይገለበጣል። ቲፒኤ3255 ከ18 ቮልት በታች አትነሳም፣ በ12 ቮልት ባትሪ ሞታችሁ ብትነሱ አትሰራም። ቲፒኤ3116 ግን በ12 ቮልት ባትሪ ቀጥታ ትሰራለች፣ በ4 ኦም 14 ዋት አካባቢ ታወጣለች፣ ባትሪ ደግሞ ከረንት ስለማይሰስት እንደኔ ደካማ አዳፕተር ድርግም አትልም። እዚህ ላይ 4 ኦም ጥቅም ነው፣ በዛው 12 ቮልት 8 ኦም ስፒከር 7 ዋት ብቻ ነበር የሚያገኘው። ከባትሪው ቀዩ ሽቦ ላይ 5 አምፔር ፊውዝ አድርጉ። ባለ 24 ቮልት ሶላር ያላችሁ ግን ቀጥታ እንዳትሰኩ፣ ባትሪው ሲሞላ ከ28 ቮልት በላይ ይወጣል፣ የቺፗ መጨረሻ ደግሞ 26 ነው።

የላፕቶፕ ቻርጀር፣ 19 ቮልት 4.74 አምፔር፣ ለቲፒኤ3116 በጣም ይሆናል፣ በ4 ኦም ወደ 36 ዋት። የጃኩ ውስጠኛ ፕላስ መሆኑን በቴስተር አይታችሁ ብቻ።

6ኛ፦ ሱቅ ላይ ሳትከፍሉ

ስፒከራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከባድ አይደለም፣ በባጃጅ ይሄዳል። የሻጩ ስፒከር ላይ የሰማችሁት ምንም አይነግራችሁም ምክንያቱም 8 ኦም ሊሆን ይችላል። ሙዚቃ ሳይከፈት ቮልዩሙን እስከመጨረሻ አውጡና ጆሯችሁን ሳጥኑ ላይ ወዳለችው ትንሿ ስፒከር (ቀጭኑን ድምጽ ወደምታወጣው) አስጠጉ፣ ሽሽሽ የሚለው ከአንድ ክንድ ርቀት ከተሰማ ተዉት። ከዛ ድቤ ወይ ከበሮ ያለበት ከፍታችሁ በደንብ ከፍ አድርጉ፣ ዓይናችሁ የአምፑ መብራት ላይ ይሁን፣ በምቱ ሰዓት ከደበዘዘ አዳፕተሩ አልቻለም ማለት ነው። ቀጥሎ ረጋ ያለ ባቲ ወይ አንቺሆዬ በማሲንቆ ብቻ፣ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ግራና ቀኙ ዝቅ ሲል እኩል መሆናቸውን ስሙ፣ ርካሽ ቮልዩም ታች ላይ አንዱን ጎን ያጠፋዋል። ብሉቱዝ፣ ሪሞት፣ መብራት ምናምን የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ለድምጹ ለውጥ የለውም፣ ብቻ የአርሲኤ መግቢያ (ቀይና ነጭ ክብ መሰኪያው) ይኑረው፣ ለቲቪ ያስፈልጋችኋል።

7ኛ፦ ቤት ስትገጥሙት

የስፒከር ገመድ ለ4 ኦም ቀጭን አይሁን። መብራት ሰራተኞች የሚጠቀሙት ባለ 1.5 መዳብ ሽቦ እስከ 5 ሜትር በቂ ነው፣ ከዛ ከራቀ ባለ 2.5። ሲጠምዙት አንዲት ክር እንኳን ወጥታ ሌላውን እንዳትነካ።

ይሄንን አጥብቃችሁ ያዙ፦ በነዚህ አምፖች ላይ ጥቁሩ ማሰሪያ መሬት አይደለም፣ እሱም እንደ ቀዩ ሙዚቃ ይዞ ነው የሚወጣው። ሽቦ ለመቆጠብ የግራና የቀኙን ጥቁር አንድ ላይ አስራችሁ በሶስት ሽቦ ከሄዳችሁ አምፑን ታቃጥሉታላችሁ። አራት ሽቦ፣ ለየብቻ።

የስልኩን ድምጽ ወደ ላይ አድርጋችሁ በአምፑ ቮልዩም ተቆጣጠሩ፣ ሽሽታው ይቀንሳል። ዳንቴል አታልብሱት፣ ቲቪ ስር ከዲኮደሩ በላይም አትጫኑት፣ 4 ኦም ሲነዳ ከ8 ኦም ይበልጥ ይሞቃል። ደሴ ብርዱ ያግዘናል፣ ኮምቦልቻና ባቲ ያላችሁ ግን ዙሪያውን አንድ መዳፍ የሚያክል ክፍት ቦታ ተዉለት። አንድ ሰዓት ከሰራ በኋላ እጃችሁን ላዩ ላይ አድርጉ፣ ለብ ማለቱ ጤና ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ቮልቱን ዝቅ ያለ አዳፕተር ስጡት።

የመጨረሻው የሬድዮ ነው። አባቴ ዜና በመካከለኛ ሞገድ ነው የሚሰማው፣ አምፑ በገባ ሳምንት ሬድዮው ዝዝዝ አለበት። የቺፑ ፍጥነት ከ400 ሺህ ኸርዝ በላይ ስለሆነ ልክ መካከለኛ ሞገዱ ሰፈር ይወድቃል። ሬድዮውን ከአምፑና ከስፒከር ገመዱ ወደ 2 ሜትር አራቅኩት፣ የእያንዳንዱን ስፒከር ሁለት ሽቦ እርስ በርስ ገመድኳቸው፣ ዝዝታው በጣም ቀነሰ፣ በዜና ሰዓት ደግሞ አምፑን ከሶኬት እነቅለዋለሁ።